ሕመሙ ሳይታወቅ ቢቀር ሐኪሙን መክሰስ ይገባልን?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን ከለቅሶ ቤት የመጣ ነው። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ አንዲት የአራት ልጆች እናት አረፈች። ከማረፏ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ጊዜው የሚፈስ ደምና የማይለቅ የወገብ ሕመም ነበረባት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ አንድ የሕክምና ቤት ስድስት ጊዜ ሄዳለች። ስድስቱንም ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ መድኃኒት ይዛ ተመልሳለች። ሰውነቷ ሲያልቅ ቤተ ሰቧ ያለውን ቡና ሸጦ አዲስ አበባ ወሰዳት። እዚያ የተነገራቸው የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑና ቀዶ ሕክምና ሊደረግ የሚቻልበት ጊዜ ያለፈ መሆኑ ነው።

ባልዮው ከቀብሩ በኋላ ልብሷን ሲያነሣ የሕክምና ካርዶቿን በላስቲክ ተጠቅልለው አገኛቸው። ማንበብ የሚችል ሰው ነውና አንድ በአንድ አነበባቸው። በስድስቱም ላይ የመድኃኒት ስም ተጽፏል፤ በአንዱም ላይ ግን እንደ ተመረመረች የሚገልጽ ቃል አልነበረም። በዚያው ሳምንት የሟች ወንድም ከአዲስ አበባ መጥቶ «ጠበቃ ይዘን እንክሰስ» አለ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በፍርድ ቤት አትሟገተው» አሉት። እርሱም በሁለቱ መካከል ቆሞ ወደ እኔ መጣና «መምህር፣ ብከስስ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ? ባልከስስስ እርሷን መክዳት አይሆንብኝም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ለቅሶ ቤት ለረጅም ትምህርት የሚመች ስፍራ አይደለም፤ እኔም በቂ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ የደረሰበትን የሕክምና ቤት ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል። በኢሉ አባ ቦርና በቡኖ በደሌ ከተሞች ይህን የመሰለ ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ግን ዘግይቶም ቢሆን የመሰለኝን በዚህ አምድ አቀርባለሁ።

አስቀድመን «ቀኗ ደርሶ ነው» የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ ቃል በሀገራችን ብዙ ሐዘንተኞችን አጽናንቷል፤ የሚናቅ አይደለም። የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን የሚያምን ሰው የሚናገረው ቃል ነው። ነገር ግን ቃሉ ከተገቢው ስፍራ አልፎ ሲሄድ እግዚአብሔርን የሰው ቸልተኝነት መሸፈኛ ያደርገዋል። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር (ሉቃ. 13፥4) ሟቾቹ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል፤ ግንቡን ማን እንደ ሠራውና ለምን እንደ ፈረሰ አትጠይቁ ግን አላለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ክፉውን ነገር እንደሚፈቅድ፣ ከእርሱም መልካሙን ሊያወጣ እንደሚችል ታስተምራለች። መፍቀድና ማድረግ ግን አንድ አይደሉም። ሾፌር ሰክሮ ሰው ቢገድል «ቀኑ ነው» ብለን ሾፌሩን አናሰናብተውም። በሐኪም ዘንድ ሲሆን ለምን እንዲህ እንደምንል አስቤበታለሁ። ከትሕትና ይልቅ ፍርሃት ይመስለኛል፤ ነገም በዚያው በር ገብተን በዚያው ሰው እጅ ላይ እንወድቃለንና።

በሌላ ወገን ደግሞ «ሐኪሙ ገደላት» የሚለው ቃልም ከልኩ ያልፋል። የእርሷን ሕይወት ያጠፋው በሽታው ነው። ሐኪሙ ሊጠየቅበት የሚችለው ነገር በሽታውን አለማወቁ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሊያውቀው ይገባው እንደ ነበረ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች «ይገባው ነበር» በምትለው ቃል ላይ ነው።

አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነውና። የመጀመሪያውን ለመረዳት ከራሳችን ሀገር ምሳሌ እናምጣ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች፣ ቀይ አፈር ባለበት አገር፣ እግራቸው እያበጠ የሚሠቃዩ ገበሬዎችን ሁላችንም አይተናል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል። ሐኪሞች ይህን በሽታ ለረጅም ዘመን ትንኝ ከምታስተላልፈው ጥገኛ ትል ከሚመጣው ዝሆኔ ጋር አንድ አድርገው ቆጥረውት ነበር። በሀገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ምርምር የደጋው ሰው እግር የሚያብጠው ከትል ሳይሆን በባዶ እግሩ ከሚረግጠው ቀይ አፈር መሆኑን አስረዳ። በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመውም መጽሐፍ «ፖዶኮኒዮሲስ» በሚል ስም በስፋት ጻፈበት። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት የነበረ ሐኪም ለእነዚያ ገበሬዎች የተሳሳተ ነገር ቢነግራቸው ማን ሊከስሰው ይችላል? ሳይንሱ ራሱ አላወቀም ነበር። አለማወቁ የሰው ልጅ ሁሉ ድካም እንጂ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው አለማወቅ ግን የታወቀውን ነገር አለመፈለግ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን በጊዜ ለማግኘት አንዲትን ሴት አስተኝቶ ማየት፣ የማኅፀኑንም በር አሴቲክ አሲድ ቀብቶ የሚለወጥ ቀለም መኖር አለመኖሩን መመልከት በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊደረግ የሚችል፣ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ነው። የበሽታው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑም ታውቆ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት ተጀምሯል። ያለ ጊዜው የሚፈስስ ደም ያለባት ሴት ስድስት ጊዜ መጥታ አንድም ጊዜ ካልታየች፣ ይህ የሳይንስ ድካም አይባልም። መሣሪያ ባይኖር እንኳ «ይህ ከእኔ ዐቅም በላይ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

የሀገራችን ሕግም ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለ ሙያ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ተጠያቂ የሚሆነውም ግዴታውን ባለማወቁ ወይም በቸልተኝነቱ የሳይንሱን ወይም የጥበቡን ደንብ ሲጥስ ነው፤ ሕመምተኛው ስላልዳነ ብቻ አይደለም። ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ስለ ሕክምና ውል ይናገራሉ፤ በዚያም የሕክምና ተቋሙ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚሆን ተጽፏል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ሲደነግግ፣ እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱን ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ያደርገዋል።

ክስ ለማቅረብ የሚነሣ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ እወዳለሁ። በፌዴራል ደረጃ የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመለከተው ኮሚቴ ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የመረመራቸው 60 አቤቱታዎች በሐኪሞች ጥናት ተዘርዝረው ታትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 39ኙ ስለ ሞት የቀረቡ ነበሩ። ጥፋት ወይም የሙያ ጉድለት የተገኘው ግን በ14ቱ ነው፤ ይህም ከአራት አቤቱታ አንድ ያህል መሆኑ ነው። የቀሩት ቤተ ሰቦች ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ሐዘናቸው እውነት ነበረ፤ ሐዘን ግን ስለ ጥፋት ማስረጃ አይሆንም። አሥራ አራቱም ቢሆኑ ቀላል ቁጥር አይደሉም። እነዚያ 14 ቤተ ሰቦች «ቀኑ ነው» ብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ ጥፋቱ ሳይታወቅ በቀረ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው ላይ በተደገመ ነበር።

አሁን ወደ መንፈሳዊው ጥያቄ እንለፍ። ባልዮውን ያስጨነቀው ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 6 ያለው ቃል ነው። በዚያ ሐዋርያው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት መክሰሱን ይነቅፋል፤ ከዚህ ይልቅ መበደልን መታገሥ ይሻላል ይላል። ብዙ ሰባክያን እስከዚህ ያነብቡና ያቆማሉ። በሚቀጥለው ቁጥር ሐዋርያው ወደ በዳዮቹ ዞሮ እናንተ ራሳችሁ ትበድላላችሁ ብሎ ይገሥጻቸዋል። እንግዲህ ምዕራፉ የሚነበበው ለተበዳዩ ብቻ አይደለም። ደግሞም ሐዋርያው እዚያው ላይ የሚጠይቀው በመካከላችሁ ሊያስታርቅ የሚችል አንድ ጠቢብ ሰው የለምን ብሎ ነው። ዳኝነት አይኑር አላለም፤ ቅርብ የሆነ፣ ቤተ ዘመድን የማያፈርስ ዳኝነት ይኑር አለ እንጂ።

የሐዋርያውም ኑሮ ትምህርቱን ይተረጕምልናል። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ገዢዎቹ በስውር ሊለቅቁት ሲልኩ እምቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ (ሐዋ. 16፥37)። ገንዘብ አልጠየቀም፤ በቀልም አልፈለገም። የፈለገው የበደሉት ሰዎች በእግራቸው መጥተው በፊቱ እንዲቆሙ ነው። ሐዘንተኞች ዘንድ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ከልባቸው የሚሹት ይህን እንደ ሆነ አይቻለሁ። «አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ተሳስቻለሁ ቢለን» የሚል ቃል ከ«ካሳ ይከፈለን» ይልቅ በብዛት ሰምቻለሁ። በኋላም ጳውሎስ በቂሳርያ ፍርድ ሲዛባበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ስለዚህ ወደ ዳኛ መሄድ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ባላደረገው ነበር።

«ይቅር ማለትስ የታዘዝን አይደለንምን?» የሚል ይኖራል። ታዝዘናል፤ ያለ ልክም ታዝዘናል። ነገር ግን ይቅርታና ፍርድ በአንድ ቤት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በዘመናችን ያየነው ምስክር አለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በግንቦት 13 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ከቆሰሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመታቸውን ሰው ይቅር ማለታቸውን በይፋ ተናገሩ። በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ባለው እስር ቤት ሄደው ከጎኑ ተቀምጠው አነጋገሩት። ሰውዬው ግን እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ፕሬዚዳንት ምሕረት እስካደረጉለት ድረስ በዚያች አገር ታስሮ ቆየ። ቅዱስ አባታችን ይቅር ያሉት በዳዩን ነው፤ ዳኛው ዳኝነቱን እንዲተው አልጠየቁም፤ ፍርዱም ይቅርታቸውን ሐሰት አላደረገውም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2302 ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖን ተከትሎ ይህን ይለያል፤ ክፉ ለማድረስ ብሎ በቀል መመኘት የተከለከለ ነው፤ ጥፋትን ለማረምና ፍትሕን ለመጠበቅ ካሳ ማስከፈል ግን የሚመሰገን ነው። ቅዱስ ቶማስ ስለ ካሳ በጻፈው ክፍል ደግሞ በጣም የሚጠቅመን ነገር አለ። የጠፋው ነገር እኩያ ሊመለስለት የማይችል ሲሆን፣ ለምሳሌ ሰው አካሉን ቢያጣ፣ የሚቻለው ያህል በገንዘብ ወይም በክብር እንዲካስ፣ መጠኑም የሁለቱ ወገን ሁኔታ ታይቶ በአንድ ደግ ሰው ፍርድ እንዲወሰን ያስተምራል። «በገንዘብ ወይም በክብር» ማለቱን ልብ በሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሀገራችን ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉማ የሚባለው ሥርዓት ደም የፈሰሰባቸውን ወገኖች በካሳና በዕርቅ የሚያገናኝ ነው፤ በዚያም በዳዩ ጥፋቱን ሳያምን ዕርቁ አይጀመርም። የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ግን ብዙ ጊዜ ተከሳሹን «ካድ» ብሎ ያስተምረዋል፤ ጠበቃውም አፉን እንዲዘጋ ይመክረዋል። የሰው ልብ የሚፈልገውና ችሎቱ የሚሰጠው ነገር የሚለያዩት በዚህ ነው።

ሕጉም ራሱ የሐዘንን ዋጋ ሊተምን እንደማይችል ያወቀ ይመስላል። ሟች ታስተዳድራቸው ለነበሩት ለባልና ለልጆች ስለ ጠፋው መተዳደሪያ ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ስለ ኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ለአንድ ሰው የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ጉዞና ማደሪያ የሚበቃ አይመስለኝም። የሚስቱን ሞት በገንዘብ ለመመንዘር የሚከስስ ሰው ካለ ይህን ቁጥር አስቀድሞ ይወቅ። በፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጡ አንዳንድ ራፖር ጸሐፊዎች ይህን አይነግሩትም።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው በመጀመሪያ ልብህን መርምር ነው። ከክሱ የምትፈልገው ምንድን ነው? ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን ነገር ከሆነ፣ ይህ መብታቸው ነው፤ አንተም አባት ስለ ሆንህ የእነርሱን መብት እንደ ራስህ መብት ልትተወው አትችልም። የራስህን ካባ መተው ምግባረ ሠናይ ነው፤ የልጆችህን ካባ አሳልፎ መስጠት ግን ከዚያ ይለያል። ሌላ ሴት በዚያው አልጋ እንዳትታለፍ ከሆነ፣ ይህ ባልንጀራን መውደድ ነው። ያ ሰው እንዲዋረድ፣ ልጆቹም እንዲራቡ ከሆነ ግን፣ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ንጹሕ ቁጣ ብቻ ያለው ሰው አላየሁም፤ ልቤ ፈጽሞ እስኪጠራ ልጠብቅ የሚልም ጊዜ ያልፍበታል። ሕጉ በአንቀጽ 2143 ለካሳ ጥያቄ የሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነውና።

ሁለተኛው ምርመራ የሚከሰሰው ማን ነው የሚለው ነው። በእኛ አገር አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ብቻውን ያያል። ጓንት የሚያልቅበት ቀን አለ፤ የምርመራ ክፍሉ በር መዝጊያ የሌለበት ቤትም አለ። ሴትዮዋ ሳትታይ የቀረችው ሰውዬው ስለ ሰነፈ ነው፣ ወይስ የምትታይበት ስፍራ ስላልነበረ? የመጀመሪያው ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሕጉም ተቋሙ እንዲጠየቅ የፈቀደው ስለዚህ ይመስለኛል። የወንጀል ክስ አንድን ሰው ወደ እስር ቤት ያስገባል፤ በር የሌለውን ክፍል ግን በር አያስገባለትም። ደግሞም ፍርሃት የሐኪሙን እጅ ያስራል። ክስ የፈራ ሐኪም አስቸጋሪውን ሕመምተኛ ሁሉ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ይገፋል። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱን ወጪ የሚከፍለውም ቡናውን በእሸቱ የሚሸጠው ገበሬ ነው።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ለሐኪም ምስጋና ያለብን ሰዎች ነን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ የመድኃኒትም ጥበብ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በመቱ ያለው ካርል ሆስፒታል ስሙን ያገኘው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት ኦስትሪያዊው ተዋናይ ከካርልሃይንዝ በም ነው። በኢሉ አባ ቦር ስንት እናት በዚያ በሰላም እንደ ወለደች የሚያውቅ ሰው ሆስፒታልን እንደ ጠላት ቤት ሊያይ አይችልም። (ከላይ የተነገረው ነገር የደረሰው በዚያ አይደለም።) ነገር ግን ያው ወንጌል ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ሲያነሣ (ማር. 5፥26) በብዙ ሐኪሞች እጅ ብዙ እንደ ተሠቃየችና ገንዘቧን ሁሉ እንደ ጨረሰች ሳያፍር ይናገራል። መጽሐፍ ቅዱስ ሐኪምን ያከብራል፤ አይሸፍነውም።

ለካቴኪስቶች ለብቻቸው የምለው አለኝ። ሐዘንተኛ ገና አፈሩ ሳይደርቅ «ይቅር በል» አትበሉት። ይቅርታ የሚሰጠው የታወቀን በደል ነው፤ ምን እንደ ተበደለ ያላወቀ ሰው ይቅር ሊል አይችልም፤ ዝም ሊል ብቻ ይችላል። ዝምታውንም እንደ ይቅርታ ቆጥረን ደስ ይለናል፤ ከዓመት በኋላ ግን ሰውዬው ቅዳሴ መምጣት ሲተው ምክንያቱ ይጠፋናል። ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን እንዲያውቅ እርዱት። ካርዱን ይዞ ይሂድ፤ ከሁለት አስተዋይ ሰዎች ጋር ሆኖ የተደረገውንና ያልተደረገውን በጨዋ ቃል ይጠይቅ። ይህ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረን መንገድ ነው። መልስ ካላገኘ ወደ ጤና ቢሮ አቤት ይበል፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን ይመርምሩት። ፍርድ ቤትም ከዚህ በኋላ አለ።

ሌላው ስለ ምላስ ነው። ስምንተኛው ትእዛዝ ለሐኪምም የተሰጠ ጥበቃ ነው። በቡና ስኒ ዙሪያ «እገሌ ሰው ገዳይ ነው» ብሎ የሚያወራ ሰው ዳኛ ሳይሰማ ፈርዷል። ከፍርድ ቤት ክስ ይልቅ ይህ ወሬ ይከፋል፤ በችሎት የተከሰሰ ሰው መልስ ይሰጣል፤ በቡና ላይ የተከሰሰ ግን መልስ የሚሰጥበት ስፍራ የለውም። የሕክምና ቤቱን ስም ከዚህ ጽሑፍ ያስቀረሁት ስለዚህ ነው።

ለሐኪሞቻችንም፣ በተለይ በየቁምስናው ላሉት ካቶሊካውያን ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ አንድ ቃል አለኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. ቅድስና የታወጀለት የናፖሊው ሐኪም ዮሴፍ ሞስካቲ በሽታን ለይቶ በማወቅ ችሎታው ዝነኛ ነበረ፤ ከድሆችም ዋጋ አይቀበልም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሕመምተኛው የሚጠነቀቀው ክስ ፈርቶ አልነበረም። የተሳሳተ ሐኪም ደግሞ የመጀመሪያ ግዴታው ጠበቃ መፈለግ ሳይሆን እውነቱን መናገር ነው። ይህን ስጽፍ ነገሩ ለሚናገረው ሰው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ ሥራውን፣ ፈቃዱን፣ ምናልባትም ነጻነቱን ሊያጣ ይችላል። ሐዘንተኛውን «መብትህን ተው» ከማለታችን በፊት ግን እርሱንም «እውነቱን ተናገር» ልንለው ይገባናል። አንዱን ለይተን ለሌላው ብቻ መስበክ አድልዎ ነው።

ባልዮው በመጨረሻ ካርዶቹን በዚያው ላስቲክ ጠቅልሎ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ሕክምና ቤቱ ሄደ። ከስድስቱ ቀናት በአራቱ ሚስቱን ያከማት ወጣት ባለሙያ ካርዶቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ አነበበና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ «በዚያ ክፍል ሴት የማይበት አልጋ አልነበረኝም፤ መላክ ግን እችል ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ ይህ ቃል ለዕርቅ ይበቃል ይላሉ፤ የሟች ወንድም ደግሞ ይህ ቃል ለክስ ማስረጃ ይሆናል ይላል። ባልዮው እስካሁን አልወሰነም። ትልቋ ልጁ ከእናቷ ሞት ወዲህ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ትምህርቷን አቋርጣለች፤ ከሁለቱ ዓመት የቀረው ሰባት ወር ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አግኝቼው ነበር። ተቋሙን በካሳ ለመጠየቅ፣ ወጣቱን ግን በወንጀል ላለመክሰስ ቢያስብ ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። እኔም ያ ሐሳብ ከእኔ እንዳልመጣ ደስ እንዳለኝ ነገርሁት፤ ማክሰኞ ዕለትም ልጅቷን ይዞ እንዲመጣና ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር እንድንነጋገር ቀጠርን።